የኩታበር የጠዋት ፈረቃ

ኩታበር ላይ ፋብሪካ የለም። ገብስ አለ፣ ስንዴ አለ፣ ብርድ አለ፤ ፋብሪካ ግን የለም። ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠው ጽሑፍ ስለ ኩታበር ገበሬዎች ቅሬ እያወራ፣ እያወራ መጥቶ እንዲህ ይላል፦ «አጥፊው ቅሬው ፊት ቆሞ ጥፋቱን በአፉ እንዲናገር የሚጠራው የጠዋቱ ፈረቃ ሠራተኞች ከወጡ በኋላ ነው።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩና እንደገና አነበብኩት። ፈረቃው አሁንም አለ። ብቻዬን ሳቅኩ። ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ አንብቤያት ነበርና ሳቄ ቶሎ ቆመ።

ቅሬን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በኛ በወሎ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው፣ የተጣላውን የሚያስታርቀው የጎረቤት ማኅበር ቅሬ ይባላል፤ ሌላው አገር እድር እንደሚለው ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይተሳሰራል። ደንቡን ረግጦ እምቢ ያለ ሰው ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚያስጭረው ጎረቤት እንኳን አያገኝም። ስለዚህ ስለ ቅሬ የሚጻፍ ነገር ስለ ሁላችንም ነው፤ ጽሑፉ የደረሰን ቀን ደስ ብሎኝ የተቀበልኩትም ለዚህ ነበር።

ጊዜው የዩኒቨርሲቲው አዲስ ግንብ ገና ቀለም ቀለም የሚሸትበት፣ በየቢሮው «አንድ ለአምስት ተደራጁ» የሚባልበት ዘመን ነው። ደሴ ላይ አንዲት የምርምር መጽሔት እናዘጋጅ ነበር። እናዘጋጅ ነበር ስል ዋና አዘጋጁና እኔ ማለቴ ነው። የአርትዖት ቦርድ የሚባሉ መምህራንም ነበሩን፤ ስብሰባው ሲጀመር አይኖሩም፣ ሻዩ ሲመጣ ግን የሚቀር የለም። የኔ ሥራ ጽሑፍ መቀበል፣ የጸሐፊውን ስም ከላዩ አጥፍቶ ለገምጋሚ መላክ፣ ምንጮቹን ማመሳከርና የቦርዱን ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ፈታሽ ነበርኩ። ጨርቁ መብራት ፊት እየተጎተተ ያልፋል፤ ክሩ የተበጠሰበትን፣ ሽመናው የሳሳበትን አይቶ ምልክት ማድረግ ነው ሥራው። ከፈረቃ ስወጣ ደብተሬን ይዤ የማታ ትምህርት እገባለሁ። ዲግሪ የያዝኩ ቀን ጸጉሬ ሽበት ጀምሮት ነበር። ከዚያ ሁሉ ተርፎኝ የመጣው ፀባይ አንድ ነገር ካየሁ አይቼ ማለፍ አለመቻል ነው። መጽሔት ቤት ውስጥ «ነጠላ ሰረዝ ለቃሚ» ይሉኝ ነበር። አልከፋኝም። ነጠላ ሰረዝም የሚለቅመው ሰው ያስፈልገዋል።

ያችን ዓረፍተ ነገር ፍለጋ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወጣሁ። የመመረቂያ ጽሑፎች የተደረደሩበት ጥግ ሰው የማይረግጠው ቦታ ነው። ሌላው በምሳ ሰዓት ፒያሳ ማኪያቶ ሊጠጣ ሲወርድ እኔ የምቀመጠው እዚያ ነበር፤ ሰው ያነብልኛል ብሎ ያልጠበቀውን ጽሑፍ ማንበብ ደስ ይለኛል። ብዙም ሳልፈልግ አገኘሁት። በክረምት እየተማረች ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘች አንዲት የኮምቦልቻ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት የጻፈችው ነው። ከገጠር መጥተው ፋብሪካ የተቀጠሩ ሴቶች የአገራቸውን ቅሬ ከተማ ላይ እንዴት እንደተከሉት ትተርካለች።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ስለ አጥፊና ስለ ይቅርታ የሚያወራው ክፍል ቃል በቃል አንድ ነው። መጀመሪያውና መጨረሻው የኛው ጸሐፊ፣ መሀሉ የእሷ። መምህርቷ «በአካባቢው» እያለች ስለምትጽፍ ኮምቦልቻ የሚል ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ የለም፤ የአካባቢው ፈረቃ ብቻ ሳይታወቅ ተሻግሮ ኩታበር ገብቷል። ስሟ ደግሞ የትም የለም። የምንጮች ዝርዝር ውስጥ እንኳን የለም።

የጸሐፊውን ስም ከላዩ ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለችው የደጋን ልጅ ነው። አባቱ ኪታብ የሚያስተምሩ ሼህ ናቸው፤ እሱም በልጅነቱ ከደረሶቹ፣ ከአባቱ ተማሪዎች ጋር እየተቀመጠ ሲቀራ ነው ያደገው። መቅራት ማለት ኪታቡን ከሼህ አፍ ተቀብሎ እየደጋገሙ ማጥናት ነው። ከዚያ ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የበቃ የመጀመሪያው እሱ ነበር። ቢሮዬን ሳያንኳኳ አይገባም። ገብቶም «እትዬ፣ ዛሬም ወረቀት ስር ተቀብረሻል? አብሽሪ፣ እናወጣሻለን!» ሳይል አይወጣም። ከመምህራኑ ሁሉ እሱን እወደው ነበር። ተማሪ ሲሳሳት የማይስቅ መምህር ብዙ አይገኝም።

ደንባችን ግልጽ ነው። የሰው ሥራ የራሱ አድርጎ ያቀረበ ሰው ጉዳዩ ወደ ቦርድ፣ ከቦርዱ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል። ልጁ ደግሞ ገና የሙከራ ቅጥር ላይ ነው። በሙከራ ላይ ያለ መምህር በእንዲህ ያለ ነገር ኮሚቴ ፊት ከቆመ ይሰናበታል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ዩኒቨርሲቲም በሩን አይከፍትለትም። ሁለቱን ጽሑፎች አቅፌ ደረጃውን ስወርድ ያሰብኩት ደጋን ያሉትን ሼህ ነበር። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ያስቀራል» እያሉ ለሰው እንደሚናገሩ ነግሮኝ ያውቃል።

ዋና አዘጋጃችን ዶክተር ናቸው፤ እኛ ግን የኔታ እንላቸው ነበር። የቆሎ ተማሪ ሆነው ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ዶክተር ሲሏቸው ቀና አይሉም፣ የኔታ ሲሏቸው ግን ከወንበራቸው ይነሳሉ። ሁለቱን ጽሑፎች ፊታቸው ዘረጋሁላቸው። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ረጅም ጊዜ አነበቡ።

«ቅኔ ቤት ሳለን» አሉ በመጨረሻ፣ «አንድ ጓደኛችን ቀድሞን የሄደ ተማሪ የተናገረውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ጀመረ። መምህራችን ዝም ብለው ሰሙትና መሀል ላይ ሲደርስ አስቆሙት። ከዚያ የቀረውን እሳቸው ጨረሱለት።»

«ምን ሆነ ታዲያ?»

«ምን ይሆናል? ሽሮ እንኳን ሲያንሰው 'የቀረውን መምህሩ ይሙሉልህ' እያልን አንገቱን አስደፋነው።» ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸው መልሶ ከበደ። «ያ ልጅ ግን እያወቀ ነው ያደረገው። ይኼኛው ያውቅ እንደሆነ አላወቅንም። ሌባ ቢሆን ፈረቃዋን አይቶ ይሰርዛት ነበር። ጥሪልኝ።»

ልጁ እየሳቀ መጣ። የኔታ ጽሑፉን አልሰጡትም። ስለ ይቅርታ የሚያወራውን ክፍል እንዴት እንደጻፈው ብቻ ጠየቁት።

«እሱማ የኔታ፣ ከሁሉም ያልደከምኩበት እሱ ነው። ቁጭ ስል ዝም ብሎ ይመጣልኛል። አላህ የሰጠኝ ቀን ነበር።»

የኔታ ወደኔ አዩ፣ እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ።

«ደጋን ሳለህ የሃይማኖቱን ሕግ፣ ፊቅሁን ከማን ቀራህ?»

«ከአባቴ።»

«አባትህስ?»

ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ የአባቱን ሼህ፣ የሼሁን ሼህ፣ የእሳቸውንም ሼህ፣ ከየት አገር እንደመጡና የት እንደተቀበሩ ጭምር እየጨመረ ወደ ኋላ ቆጠረልን። አንድ ቦታ እንኳን አልተደናቀፈም። የኔታ ሲሰሙት ደስታቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር፤ የሌላው እምነት ይሁን እንጂ የተማሪ ቤት ወሬ ነዋ።

«ግሩም ነው። እስቲ አሁን ደግሞ እሷ አንድ ነገር ታንብብልህ» አሉ።

የመምህርቷን ጽሑፍ ገለጥኩ። ልጁ የወሰደው ክፍል ካለቀበት ቀጥሎ ያለውን፣ በእሱ ጽሑፍ ውስጥ የሌለውን መረጥኩ። «ይቅርታ የተደረገለት ሰው በዚያው ቀን ከቅሬው ጋር ይበላል» ብዬ ጀመርኩና ዝም አልኩ።

«ከዚያ በኋላ ጥፋቱን የሚያነሳበት ሰው ቢኖር አጥፊው አንሺው ነው» አለ ልጁ። ቀጠለ። ዓይኑን ከድኖ፣ ወገቡን ቀስ እያደረገ እየወዘወዘ፣ እንደ ደረሳ፣ አንድ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ያን ገጽ ወረደው። እኔ በጣቴ እየተከተልኩት ነው። ከገጹ ግርጌ ስንደርስ ድምፁ ቀጠነ። ዓይኑን ገልጦ እጄ ላይ ያለውን አየ።

«ይህንንስ ከማን ቀራኸው?» አሉ የኔታ፣ ቀስ ብለው።

  ልጁ «ወላሂ...» ብሎ ተወው። ቆይቶ ነገሩ ተገለጠለት። ተማሪ ሳለ ያችን መመረቂያ ጽሑፍ ተውሶ፣ ወዷት፣ በልጅነቱ በለመደው መንገድ ድምፁን እያሰማ እየደጋገመ አንብቧታል። መለሳት። ጊዜ አለፈ። የሷ መሆኗ ጠፍቶ ቃሏ ብቻ ቀረ።

«ፈረቃዋስ?» አልኩት። «ኩታበር ላይ ፈረቃ ስትጽፍ እጅህ አልተያዘም?»

«እትዬ፣ የቀራሁትን ቃል መለወጥ አልተማርኩም» አለኝ። ይህን ሲል ዕንባው መጣ።

አመንኩት። ዛሬም አምነዋለሁ። ማመኔ ግን ጽሑፉን የእሱ አያደርገውም። ለየኔታም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። እሳቸውም «እኔም ልል የነበረው ነው። ነገሩን አንሸፍንም፣ ልጁንም አንበላም። መሀሉን መንገድ ፈልጊ» አሉኝና መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። መሀሉ መንገድ የት እንዳለ ግን አልነገሩኝም።

ቦርዱ ተሰበሰበ። አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ቁመታቸው ረጅም፣ «ዜሮ ቶለራንስ» የሚለው ቃል ከአፋቸው የማይጠፋ። «ፕላጀሪዝም ፕላጀሪዝም ነው! በቃሉ ሰረቀው በእጁ ሰረቀው ምን ለውጥ አለው? ለማስተማሪያ ይሁን፣ ኮሚቴው ያሰናብተው» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጡት ደግሞ «ኧረ ተው፣ የቤት ገመና ነው። ያቺን ክፍል ቆርጠን አውጥተን ቀሪውን እናትመው፤ ማን ያያል?» አሉ። ወዲያና ወዲህ ተባባሉ። ሻዩ መጣ፤ ክርክሩ አልቆመም፣ ስኳር ብቻ ተቀባበሉ።

እኔ በስብሰባ ላይ እጽፋለሁ እንጂ አልናገርም። የዚያን ቀን ግን ቃለ ጉባኤውን ስመለከት ስለ ልጁ ብዙ ተብሏል፣ ስለ መጽሔቱ ስም ብዙ ተብሏል፣ ስለ አንዲት ሰው ግን አንድም መስመር የለም። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«የጽሑፉን ባለቤት ማን ጠየቃት?»

 «ባለቤቷ ማናት?» አሉ ዜሮ ቶለራንስ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። ስሟን ነገርኳቸው። አንዳቸውም አያውቋትም፤ ያስመረቋት እነሱ ነበሩ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እሷ እስክትጠየቅ ውሳኔ የለም» አሉና ስብሰባውን ዘጉት።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ ደራርቤ የለበስኩት ሹራብ ጠመዝማዛው መንገድ ሳያልቅ ሙቀቱ አስወልቆኝ ጭኔ ላይ ነበር። መምህርቷን ያገኘኋት መምህራን ክፍል ውስጥ ነው፤ የተማሪ ፈተና እያረመች። እጇ ቀይ ቀለም ነክቶታል። ጠንካራ ሴት ናት፣ ቃሏ አጭር። ማን እንደሆንኩ፣ ምን ይዤ እንደመጣሁ ነገርኳት። ሁለቱን ጽሑፎች ወስዳ ፈተና እንደምታርም አድርጋ አነበበች። ያቺ ፈረቃ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ሴቶቼን ምነው ኩታበር ወሰዳቸው?» አለች።

እኔ መሳቅ ልጀምር ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ታውቂያለሽ? እዚያ በር ላይ የጠዋቱ ፈረቃ እስኪወጣ እየጠበቅኩ ነው ያንን የሰበሰብኩት። መጀመሪያ ማንም አያናግረኝም። 'አስተማሪዋ ዛሬም መጣሽ? ቤት የለሽም?' እያሉ ያልፉኛል። ልጄን አዝዬ ነበር የምቆመው። በኋላ ነው አንዷ 'ነይ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ' ብላ ቅሬያቸው ድረስ የወሰደችኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው ያን ሁሉ የቆምኩት። ይህችን!» ጣቷን መስመሩ ላይ ጫነችው። «አሁን ሳያት የኔ አትመስልም።»

  ልጁ ሊሰናበት እንደሚችል ነገርኳት፤ ሳታውቀው እንድትፈርድበት አልፈለግኩም።

«ይባረር አይባረር ብለሽ አትጠይቂኝ» አለች። «ያን ሸክም እኔ ላይ አትጫኑ፤ የናንተ ነው። የኔ የሆነውን ልንገርሽ። ጽሑፌ በስሜ ይታተም። ልጁ ደግሞ ይምጣ። የሴቶቹ ቅሬ ፊት ቆሞ በአፉ ይናገር። የወሰደው ክፍል ራሱ የሚለው ይህንኑ አይደል? አንብቦታል፤ ያድርገዋ።»

ደሴ ተመልሼ ለልጁ ስነግረው «ኮሚቴው ፊት ቁም ብትይኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። ግን እሺ አለ። አባቱ ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኩት። ሄዶ ራሱ ነግሯቸዋል። «ምን አሉህ?» «'ከማን እንደቀራህ ካልተናገርክ አልቀራህም' አሉኝ። ከዚያ 'እራት ብላ' አሉኝ።»

እሑድ ቀን አብረን ወረድን። ቅሬው የተሰበሰበው በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ከተወጠረበት ጥላ ስር ነው። አግዳሚዎቹ ላይ ሻሽ ያሰሩም ጥቁር ነጠላ የለበሱም ሴቶች ተቀላቅለው ተቀምጠዋል። የቅሬው ዳኛ ክር በሚጠቀለልበት በማዳወሪያ ክፍል ስትሠራ የማውቃት፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ከሩቅ አይታ ለየችኝ።

«ፈታሿ! ያኔ ጨርቃችንን፣ ዛሬ ደግሞ ሰው ትፈትሺያለሽ?»

«ያኔስ ያንቺ ክር ነበር የሚያስቸግረኝ» አልኳት። አቀፈችኝ።

ዱዓ ተደርጎ፣ ሁሉም በየእምነቱ አሚንና አሜን ካለ በኋላ ልጁ ተነሳ። ሱፉን ለብሶ ነበር የመጣው፤ ላብ ጀርባውን አርሶታል። መምህርቷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች፣ አንዴም ዓይኗን አልነቀለችም። ያዘጋጀው ንግግር እንደነበር አውቃለሁ፤ መኪና ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አልተናገረውም። «የእሷን ቃል ወሰድኩ። እሷ ደግሞ ከናንተ የሰማችው ነው። የኔ ነው ብዬ ጻፍኩ። የኔ መስሎኝ ነበር፤ ያ ግን ሰበብ አይሆነኝም» አለ። 

«ልጄ፣ የኛን ወሬ ወስደህ ምን ልታደርገው ነበር?» አለች አንዲት አሮጊት። «በሬ አይደል አይታረስበት!»

«ዩኒቨርሲቲ ይሸጣል አሉ» አለች ሌላዋ።

«ኧረ እሱስ ይሁን!» አለች ዳኛዋ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ወሬያችንን ውሰደው። እኛን ምን አደረግንህ ብለህ ነው ኩታበር ያወጣኸን? የዚያ አገር ብርድ ይገድለናል!»

ሸራው ስር ያለው ሁሉ ፈነዳ። መምህርቷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁም ዕንባውን እየጠረገ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ዳኛዋ ኮስተር አለች። «ቅጣት አለብህ። ለሚቀጥለው ልቅሶ ድንኳን ትተክላለህ፤ አንተ ነህ የምትተክለው። በሱፍ አይደለም።»

«የደጋን ልጅ ነኝ፣ ድንኳን አውቃለሁ» አለ።

«እናያለና!»

ከዚያ መምህርቷ ተነስታ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው።  እሱም በሁለት እጁ ተቀበለ።

ለቦርዱ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ልጁ በቃሉ ያወረደውን ገጽም፣ መምህርቷ ያለችውንም፣ ምንም ሳልቀንስ። ጽሑፉ ውድቅ ሆነ። ቦርዱም ጉዳዩን ከሙሉ ታሪኩ ጋር ለኮሚቴው ላከው፤ አልደበቅነውም። የኔታ ራሳቸው ኮሚቴው ፊት ቀርበው ተናገሩ። እዚያ ምን እንዳሉ አልነገሩኝም፤ ሲመለሱ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር። ውሳኔው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የሙከራ ጊዜው እንዲራዘም ሆነ። ዜሮ ቶለራንስ እያጉረመረሙ ፈረሙ። ልጁ ማስተማሩን ቀጠለ። ድንኳኑንም ተከለ፤ መምህርቷ ስልክ ደውላ «አንዱ ካስማ ጠሟል፣ ሌላው ደህና ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የኔታ አንድ ልማድ አመጡ። ጽሑፍ ይዞ የሚመጣን ሰው ሁሉ፣ ተማሪም ይሁን ፕሮፌሰር፣ አስቀምጠው «ይህንን ከማን ቀራኸው?» ይላሉ። ሰዉ ቁጭ ብሎ ያነበባቸውን፣ የሰማቸውን ሰዎች ይቆጥርላቸዋል፤ እኔ ከምንጩ ዝርዝር ጋር አመሳክራለሁ። ስንቱ እዚያው ወንበር ላይ «ለካ እገሌን ረስቼዋለሁ» ብሎ ወረቀቱን መልሶ ይዞ ሄዷል። የሚቆጡም ነበሩ። አንድ ትልቅ ሰው «ከማንም! ከራሴ ነው!» ብለው ጠረጴዛ መቱ። የኔታም እጅ ነስተው «እንግዲያስ ብርቱ መምህር ነበረዎት» አሏቸው። በኋላ ስርቆት የሚያጣራ ሶፍትዌር መጣልን። እንግሊዝኛውን በቀይ ያቀልማል፤ የኛን ፊደል ግን አያነብም፣ አማርኛውን ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ያሳልፋል። ስለዚህ የአማርኛው ነገር በየኔታ ጥያቄና በኔ ዓይን ቀረ።

የመምህርቷ ጽሑፍ በስሟ ወጣ። ፈረቃዋም ኮምቦልቻዋ ተመለሰች። መጽሔቱን ለፋብሪካ ሴቶቹ ይዤላቸው ወርጄ ነበር፤ ዳኛዋ ገልብጣ ገልብጣ «ፎቶ የለውም?» አለችኝ።

ልጁ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ካለፈ በኋላ አዲስ ጽሑፍ ይዞ መጣ። በሩን አንኳኳ፤ «አብሽሪ» ሳይል ቆመ። አሁንም ስለ ኩታበር ቅሬ ነው፣ ግን በዚህኛው ብርዱ ሳይቀር ያለበት፣ ሄዶ የኖረበት ኩታበር ነው። ቀይ ብዕሬን ይዤ እንደ ጨርቁ መስመር በመስመር አሳለፍኩት። የሳሳ ቦታ አላገኘሁም። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ግን መከራ ነበሩ። የኔታ አይተው «ይኼ ልጅ እንደምን አደራችሁ ለማለትም ምንጭ ሊጠቅስ ነው» አሉ።

ይቅርታ ስለሚደረግለት አጥፊ የሚያወራው ገጽ ላይ እንዲህ የምትል ማስታወሻ ነበረች፦ «ይህን የነገሩኝ የቅሬው ዳኛ ናቸው። እሳቸው ከአባታቸው ሰምተዋል፤ አባታቸው ከሽማግሌዎቹ። እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ ያስተማረችኝ የኮምቦልቻዋ መምህርት ናት፤ እሷ ከፋብሪካው ሴቶች ተማረች። እነሱም ፀሐይ ላይ አትቁሚ ብለው አስገቧት።»

መመሪያችን የጸሐፊ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ገጽ ይላል። ከዚያ ያለፈ ሁሉ ይሰረዛል፤ መመሪያውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ብዕሬን አነሳሁ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ አደረስኩት። የኔታ ከወዲያ ጠረጴዛ ከመነጽራቸው በላይ ያዩኛል።

«ምነው፣ ቀለሙ ደረቀ?»

«አይ» አልኩ። «ይቆይ።»

ማስታወሻዋም የገጹን ግርጌ ሞልታ፣ ከመመሪያችን ጋር ሳትስማማ፣ እንዳለች ታተመች።